ስቱዲዮ ውስጥ ያልተላጠው ሰም ቤቴ ገብቶ ለምን ተላጠ?

ማለዳ (ቅዳሜ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ አነባለሁ፣ ብዙም አልጽፍም። ዛሬ ግን አንጀቴ አርሮ ነው።

ከ3 ሳምንት በፊት የኤንካውስቲክ ወርክሾፕ ወሰድኩ። ለማያውቀው፣ በቀለጠ የንብ ሰም ውስጥ ቀለም ተቀላቅሎ የሚሠራ ሥዕል ነው። 2 ቀን፣ 6 ተማሪ፣ አንዲት መምህርት። ስንገባ ሆት ፕሌቱ ሞቆ፣ ቀለሞቹ በየጣሳቸው ቀልጠው፣ ጣውላው ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀን። ቀባን፣ በሂት ጋን (ትኩስ አየር በሚተፋው መሣሪያ) አቀለጥን፣ ፋቅን፣ ወረቀት ቀበርንበት። 3 ሥዕል ይዤ ወጣሁ። ሦስቱም ዛሬ ድረስ ንክች አላሉም።

ከዚያ በራሴ ልሞክር አልኩ። የንብ ሰም ገዛሁ፣ የዳማር ሙጫ ገዛሁ፣ የኤሌክትሪክ መጥበሻ አወጣሁ። ጣውላ ስላልነበረኝ፣ ድሮ ለአክሪሊክ ብዬ ነጭ ቀብቼ ያስቀመጥኩት ሸራ ላይ ሠራሁ። ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር! በሳምንቱ ቦታ ልቀይርለት ጫፉን ስይዘው «ጠቅ» አለ። አንዱ ጥግ ተሰነጠቀ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው መዳፍ የሚያክል ሰም እንደ ቆዳ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያ ነጭ ቀለም ንጹሕ ሆኖ ይስቅብኛል።

አንደኛ፣ ምን አጠፋሁ? ሁለተኛ፣ ስሠራ ራሴን ፈልጦኝ ነበር፣ ዓይኔም ያቃጥለኝ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ እኮ ምንም አልሆንኩም። ሦስተኛ፣ ሌላ ወርክሾፕ ልግባ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብዬ እያበላሸሁ ልማር?

የ«ሰምና ወርቅ» ቀልድ የሚያመጣ ሰው አልመልስለትም። በ2 ቀን ውስጥ ጠግቤዋለሁ።

ነበልባል

ሰሙን ይዘሽ ወርቁ አመለጠሽ ማለት ነው።

ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

ጋሼ መላጊያ

ልጄ፣ እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ለሠዓሊዎች ጣውላ የምሠራ አናጺ ነኝ። ሥዕሎቹንማ የቱ ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ሳልጠይቅ ሰቅዬ አላውቅም። ስለ ጣውላው ግን ጠይቂኝ።

ሸራ ይላወሳል። ስትነኪው ይሰምጣል፣ ስትለቂው ይመለሳል። የዘይት ቀለም ይህን ይችለዋል፣ የበረደ ሰም አይችለውም። ሲሞቅ እንደ ልብሽ የሚሆነው ሰም ሲበርድ እንደ ቀጭን መስታወት ነው። ያ «ጠቅ» ያለው እሱ ነው።

ድርቅ ያለ ነገር ላይ ሥሪ። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ከጀርባው ፍሬም ይለጠፍበት። አለበለዚያ ከአንድ ወገን ብቻ ሲሞቅ ይጎብጣል። ቫርኒሽ የተቀባ ወይም ዘይት የነካው አይሁን። አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጊበት። ጠብታው ኳስ ሆኖ ከላይ ከተቀመጠ ሰሙም እንዲሁ ነው የሚቀመጠው። ከጠጣው ጥሩ ነው፣ አድርቂውና ሥሪበት።

ትኩስ ብሩሽ

ጋሼ ግማሹን ጨረሱልኝ። ሌላው ግማሽ ያ ነጭ ቀለም ነው። እኔ ላለፉት ብዙ ዓመታት ስቱዲዮዬ ውስጥ ይህንኑ ነው የማስተምረው። አንቺ ያልሽውን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ተማሪ የለም፣ ስለዚህ አትፈሪ።

ያ ነጭ ቀለምሽ አክሪሊክ ጄሶ ይባላል (የግድግዳውን ጄሶ ማለቴ አይደለም)፣ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው። ሰም ደግሞ የሚይዘው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ነው፤ እንጨቱ ውስጥ፣ ወረቀቱ ውስጥ፣ ጨርቁ ውስጥ። ፕላስቲክ ላይ የሚገባበት የለውም። ተቀምጦበት ይቆያል፣ አንድ ቀን ይነሣል። ነጭ መሠረት ካስፈለገሽ ለኤንካውስቲክ ተብሎ የሚሠራ፣ ጠመኔ የበዛበትና ሰም የሚመጥ ጄሶ አለ። ለጀማሪ ግን ባዶው እንጨት ይበቃል። ጣውላውን አሙቂው፣ ቀለም የሌለውን ሚዲየም (ዳማር የተቀላቀለበትን ሰም) 2 ጊዜ ቀቢበት፣ በእሳት አስገቢው። ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ የሚጀምረው። ስቱዲዮ ውስጥ ተዘጋጅቶ የጠበቃችሁ ጣውላ ይህ ሁሉ ተደርጎለት ነው። መምህርትሽ በጠዋት መጥታ የሠራችውን አላየሽም። ብዙ ወርክሾፕ ላይ የሚጎድለው ይኸው ነው፤ ተማሪው የሚደርሰው ከመሀል ነው።

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ። የተገፈፈው ሰም ሙሉ በሙሉ አንድ ላይ ነው የወጣው ወይስ ራሱም በድርብ በድርብ ይከፈላል?

ማለዳ

ሄጄ አየሁት። ይከፈላል። እንደ መጽሐፍ ገጽ ማለት ይቻላል። ሰማያዊው ከነጩ ላይ ብቻውን ተነሣ።

ትኩስ ብሩሽ

እንግዲያው ሸራውን ብትቀይሪም ይላጥ ነበር። አላዋሃድሽውም።

ኤንካውስቲክ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ «አቃጥሎ ማስገባት» እንደማለት። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ብሩሹ ሰሙን ያደርሳል እንጂ አይለጥፈውም። ከሆት ፕሌቱ ያነሣሽው ሰም ጣውላው ጋ እስኪደርስ በጥቂት ሰከንድ መርጋት ይጀምራል። ከታች ያለው ድርብ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ቀዝቃዛ ነገሮች ተደራረቡ እንጂ አልተያያዙም። በየድርቡ ላይ ላዩን መልሰሽ ማቅለጥ አለብሽ፣ የላይኛው ከሥሩ ካለው ጋር እስኪገናኝ ብቻ። ስቱዲዮ ውስጥ «ፊውዝ አድርጉ» እያለች ጆሯችሁን ያደነቆረችው ለዚህ ነው።

ከምን ይታወቃል? ከብርሃኑ። የበረደ ሰም ፊቱ ድንግዝ ያለ ነው። ሙቀት ሲነካው ድንገት ውኃ የፈሰሰበት መስሎ ያብረቀርቃል። ያ ብልጭታ እንደመጣ እጅሽን ወደሚቀጥለው ቦታ ውሰጂ። ቀድመሽ ከሄድሽ ይላጣል። ዘግይተሽ ከቆየሽ ከሥር ያለው ሁሉ ይቀልጥና ቀለሞቹ ይዋኛሉ። በመሀል ያለችው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ናት። ሥራው ሁሉ እሷን ማወቅ ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

ይህን የማሠራው በሥዕል አይደለም። ክንድ የሚያህል ጠባብ ጣውላ ቁረጪ፣ ወይም ጋሼ ይቁረጡልሽ። በእርሳስ 5 ቦታ ክፈዪው። ሁሉም ላይ ነጭና ጥቁር እያፈራረቅሽ 8 ድርብ ቀቢ። 1ኛው ክፍል ላይ ጨርሶ እሳት አታሳዪው። 2ኛውን በየ3 ድርቡ አንድ ጊዜ ብቻ። 3ኛውን በየድርቡ፣ እንዳብረቀረቀ አቁሚ። 4ኛውን ካብረቀረቀ በኋላ 5 ሰከንድ ጨምሪለት። 5ኛውን ኩሬ እስኪሆን። አንዱን ስታሞቂ ጎረቤቱን በካርቶን ጋርጂው። በማግስቱ ሁሉንም በስለት ወደ ታች ቆርጠሽ ጎናቸውን እዪ።

ምን እንደምታዪ አልነግርሽም። ሥሪና ንገሪን።

ሞሎኪዩል

ስለ ራስ ምታቱ። መጥበሻሽ ላይ ዲግሪ ተጽፎበታል ወይስ 1፣ 2፣ 3 ነው የሚለው?

ማለዳ

ከ1 እስከ 6። ዳማሩ አልቀልጥ ሲለኝ 6 ላይ አድርጌው ነበር። ትንሽ ይጨስ ነበር።

ሞሎኪዩል

«ትንሽ ይጨስ ነበር»።

እህቴ፣ ሰም ከጨሰ ነገሩ አልፏል። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ለመቀባት ከ80 እስከ 93 ይበቃዋል። ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ሰሙ መበስበስ ይጀምርና አልዲሃይድ የሚባሉ ትነቶች ይወጣሉ። ዓይንሽን ያቃጠለሽ፣ ራስሽን የፈለጠሽ እነሱ ናቸው። ጥሩ ሽታ ስላለው ሰው አይጠረጥረውም። ጭስ እስኪታይም አትጠብቂ፣ ጭሱ ከመታየቱ በፊትም ትነቱ አለ።

ዳማር የዛፍ ሙጫ ነው። ለመቅለጥ ከሰሙ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከ100 በላይ። ስለዚህ ሚዲየም የማፍላቱ ሥራ ከሁሉም የከፋው ነው። መጥበሻ 6 ላይ አድርገሽ ስትሠሪ ከአፍንጫሽ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርሽ። ለጊዜው ተዘጋጅቶ የተሸጠ ሚዲየም ግዢ። እየለመድሽ ስትሄጂ ብዙ ሰው የሚጠቀመው በክብደት 5 እጅ ሰም ለ1 እጅ ዳማር ነው። ዳማሩ ሲበዛ ይጠነክራል፣ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ይሰበራል።

ቴርሞሜትር ግዢ። እንደ ሽጉጥ የሚያነጣጥሩት ዓይነት ከሆነ በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይዋሻል። ሰሙ ላይ አነጣጥሪ።

አየሩ ደግሞ መውጣት አለበት እንጂ መዞር የለበትም። ፊትሽ ላይ የሚነፋ ቬንቲሌተር ሰሙን ያበርደዋል፣ ጭሱንም በክፍሉ ያዞረዋል። መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ የሚስብ ይሁን፣ ሆት ፕሌቱ ከእሱ ሥር ይቀመጥ፣ ከወዲያ ማዶ በር ይከፈት። ለአቧራ የሚደረግ ማስክ ትነት አይዝም። አቧራ ስል፣ ደረቅ የቀለም ዱቄት ራስሽ እንዳትቀላቅዪ። ካድሚየምና እርሳስ የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ያሉባቸው አሉ።

ትኩስ ብሩሽ

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ ለመመዝገብ ስትሄዱ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ጭሱ በየት ይወጣል?» ይሁን። መልሱ «መስኮት እንከፍታለን» ብቻ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

ነበልባል

አሁን ቁም ነገር ላውራ። ሂት ጋኑን ጣዪውና ቶርች (የጋዝ ነበልባል የሚተፋውን) ያዢ። ሂት ጋን አየር ነው የሚተፋው። ቀጭን መስመር ስትሠሪ ሰሙን እየገፋ ያበላሸዋል። ቶርች ያን ያህል አይነፋም፣ ያቀልጣል። ፈጣን ነው።  እኔ ቶርች ከያዝኩ ወዲህ ሂት ጋኔን ለቧንቧ ሥራ ሰጥቼዋለሁ።

ትኩስ ብሩሽ

ጀማሪን ቶርች አስይዞ ብልጭታዋን ጠብቂ ማለት ዋና ያልቻለን ጥልቁ ላይ ወርውሮ «አየር ሳቢ» እንደማለት ነው። የቶርች ሰከንድ የሂት ጋን ግማሽ ነው። ወረቀት ቀብረሽ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ይያዛል። እኔም ቶርች እወዳለሁ። በሁለተኛው ወርክሾፕ ነው የማስይዘው።

ሂት ጋኑ ሰሙን ከገፋብሽ አርቂው፣ ማራገቢያውን ዝቅ አድርጊው።

ነበልባል

እኔን ማንም አላስያዘኝም፣ ራሴ ያዝኩት።

ጋሼ መላጊያ

ቅንድብህ አድጓል እንዴ?

ነበልባል

ጋሼ፣ ያ እኮ የግል መልእክት ነበር 😅

ቀፎ

እኔ ንብ አናቢ ነኝ፣ ሥዕል አልሞክርም። ስለ ሰሙ አንድ ሁለት ልበል።

ቢጫ ሰም ከነጭ ሰም አይተናነስም። ቢጫነቱ ከአበባ ዱቄትና ከቀፎው ነው። ለሥዕል ግን ሰማያዊሽን አረንጓዴ ያደርግብሻል። ነጭ ስትገዢ በምን እንደነጣ ጠይቂ። በማጣሪያ የነጣ አለ፣ በኬሚካል የነጣ አለ። በኬሚካል የነጣው ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ሻማ አቅልጠው የሚሠሩም አይቻለሁ። የሱቅ ሻማ አብዛኛው ፓራፊን ነው፣ ይፈረፈራል። ለብሩሽ ማጠቢያ ይሆናል እንጂ ለሥዕል አይሆንም።

ሌላው ሙቀት ነው። ንቦቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበትን ቦታ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚጠብቁት። ከ40 በላይ ሲሆን የማር እንጀራው መላላት ይጀምራል፣ ከሸክሙ ብዛት ይወድቃል። ለመቅለጥ 62 ይፈልጋል ሲሏችሁ «እንግዲያው እስከዚያ ደህና ነው» አትበሉ። ሥዕላችሁን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ረስታችሁ አትሂዱ።

ዝም ብዬ አንባቢ

እኔ ረስቼ ሄጃለሁ። 2 ሥዕል ፊት ለፊት ገጥሜ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አሁን 1 ሥዕል ነው ያለኝ።

የሙዚየም ዘበኛ

ሰም ደካማ መስሎ እንዳይታያችሁ ብዬ ነው የገባሁት። ግብፅ ውስጥ ፋዩም ከሚባለው አካባቢ የወጡ የሟቾች ምስሎች አሉ። አብዛኞቹ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ በእንጨት ላይ በሰም ነው የተሣሉት። ዓይናቸው ዛሬም ያይሃል። በሲና የቅድስት ካትሪን ገዳም ያለው የ6ኛው ክፍለ ዘመን የክርስቶስ ሥዕልም በሰም ነው። እነዚህ የቆዩት ፀሐይም ብርድም እርጥበትም በማይፈራረቅባቸው ቦታ ስለነበሩ ነው፣ ሰሙ ተአምር ስለሆነ አይደለም።

ትኩስ ብሩሽ፣ አንድ ነገር ግን ልከራከርሽ። የፋዩሞቹን ቀርበሽ ስታዪ የብሩሹና የጠንካራ መሣሪያው ዱካ ጎልቶ ይታያል። ሁሉንም ድርብ እስኪያብረቀርቅ ማቅለጥ ግዴታ ቢሆን ያ ዱካ በቀረ ነበር። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃስፐር ጆንስም እ.ኤ.አ. በ1954 እና 55 የሠራው የአሜሪካ ባንዲራ ላይ ያው ነው። መጀመሪያ በኤናሜል ቀለም ጀምሮ አልደርቅ ሲለው ነው ወደ ሰም የዞረው። ሰም ቶሎ ስለሚረጋ እያንዳንዱ የብሩሽ ምት እንዳለ ቆሞ ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ የጋዜጣ ቁርጥራጩ ይታያል። አንቺ የምታስተምሪው የተለሰለሰ ፊት ብቻ እንዳይሆን።

ትኩስ ብሩሽ

ይህ ጥሩ ክርክር ነው። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቻለሁ፣ «ያብረቅርቅ» ስል ሜዳ ይሁን ያልኩ መሰለ።

የምትጠብቁት ብልጭታ እንዲያገናኝ እንጂ እንዲያስተካክል አይደለም። የብሩሹ ጉብታ ጫፉ ሲያበራ ብታቆሙ ጉብታው ይቀራል፣ ሥሩም ይያዛል። ለዚህ ከሂት ጋን ይልቅ የጋለ ትንሽ ብረት ይሻላል፣ ነጥብ በነጥብ ይነካልና። ጀማሪ ግን መጀመሪያ ለስላሳ ፊት መሥራት ይልመድ። ሻካራ ፊት ላይ ያልተያያዘው ከተያያዘው አይለይም። ሁሉም ያምራል፣ በሳምንቱ ነው የሚታወቀው። ማለዳም የተሸወደችው በዚህ ነው።

አዲስ ገቢ

ጥያቄ አለኝ። ለዘይት ቀለም የሚቀላቀል፣ በጣሳ የሚሸጥ ለስላሳ ሰም አለኝ። ኮልድ ዋክስ ይላል። እሱን አሙቄ ልጠቀም?

ሞሎኪዩል

አትሞክር!! በውስጡ ሶልቨንት (እሳት የሚይዝ ማቅጠኛ) አለ። ሆት ፕሌት ላይ ካስቀመጥከው እሳት ነው የምታስነሣው። ኮልድ ዋክስ ሌላ ሙያ ነው፣ ሙቀት አይነካውም። ተርፐንታይንም የቀለጠ ሰም ባለበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ።

ደግሞ ለሁሉም፦ ሰም እሳት ከያዘ ውኃ አትድፉበት። ክዳን ግጠሙበት፣ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ። ክዳኑ ከሥራው በፊት አጠገባችሁ ይሁን። እሳት ሲነሣ ክዳን ፍለጋ አይኬድም። ሆት ፕሌቱና ሂት ጋኑ ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው 1500 ዋት ገደማ ይስባሉ። በአንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኳቸው።

ቀፎ

እጅ ላይ ሲንጠባጠብስ? እኔ ላይ ብዙ ጊዜ ደርሷል። የመጀመሪያ ጊዜ ደንግጬ ሰሙን ላጥኩት፣ ቆዳዬም አብሮት ሄደ። አሁን ቧንቧ ሥር ነው የምሮጠው።

ሞሎኪዩል

ልክ ነህ። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል። ቆዳው ላይ የተጣበቀውን በግድ አይልጡም። ሰፊ ከሆነ ወይም ካቆረ ወደ ሐኪም።

ማለዳ

ከምሽት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። አመሰግናለሁ። ግን ሦስተኛውን ጥያቄዬን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ሌላ ወርክሾፕ ልግባ?

ነበልባል

አትግቢ። የከፈልሽው ገንዘብ ስንት ኪሎ ሰም ይገዛ ነበር? እኔ ቪዲዮ አይቼ፣ አበላሽቼ፣ ደግሜ ነው የተማርኩት። ወርክሾፕ ላይ ተረኛ ሆነሽ ሂት ጋን ስትጠብቂ ግማሽ ቀን ያልፋል።

ዝም ብዬ አንባቢ

እኔ ቪዲዮ ብቻ አይቼ 1 ዓመት ሠራሁ። ብልጭታ የሚባለውን ቪዲዮ ላይ አላየሁትም፣ ምክንያቱም የቀረጻው መብራት ሁሉንም ያስበራዋል። ስቱዲዮ የገባሁ ቀን መምህሩ ምንም ሳይናገር ሂት ጋን የያዘውን እጄን ይዞ ወደ ኋላ ሳብ አደረገው። በቃ። ያቺን ሰከንድ ያኔ ነው ያወቅኳት። የ1 ዓመት ሥራዬን ቤት ገብቼ በጥፍሬ ሞከርኩት። ያልተላጠው 2 ነበር።

ትኩስ ብሩሽ

እኔ ከጥቅሜ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አልችልም።

ወርክሾፕ ሁሉ አንድ አይደለም። 3 ያማረ ሥዕል አስይዞ የሚሸኝሽ ወርክሾፕ ብዙ ያስተማረሽ ይመስላል። ጣውላውን እነሱ አዘጋጁት፣ ሰሙን እነሱ አቀለጡት፣ ሙቀቱን እነሱ ለኩት፣ ስትሳሳቺ መጥተው አስተካከሉልሽ። የወጣው ሥዕል ያንቺ ነው፣ ዕውቀቱ ግን እዚያው ስቱዲዮ ቀረ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስተምረው፣ ምክንያቱም ተማሪው ፈገግ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ከወር በኋላ ልክ እንዳንቺ ዓይነት መልእክት ይልኩልኛል። አሁን በመጀመሪያው ቀን ሥዕል አላሠራም። ያንን ባለ5 ክፍል ጣውላ ብቻ። አስቀያሚ ነው፣ ማንም ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም።

ስትመዘገቢ ጠይቂ። ለስንት ሰው ስንት ሂት ጋን አለ? ጣውላውን ራሴ አዘጋጃለሁ? ሆት ፕሌቱን ራሴ ነኝ የማበራው? ሙቀቱን ማን ነው የሚለካው? መልሱ «አንቺ» ከሆነ ግቢ።

የሙዚየም ዘበኛ

በዚህም አልስማማም። የመጀመሪያ ቀን 5 የተቆረጠ እንጨት ይዤ ብወጣ ኖሮ ሁለተኛ አልመለስም ነበር። ሰው መጀመሪያ መውደድ አለበት። ማለዳ ያን ሦስቱን ሥዕል ባትወድ ኖሮ መች መጥበሻ ታወጣ ነበር?

ትኩስ ብሩሽ

ይሄኛውን ላስብበት።

ማለዳ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ጣውላውን ሠራሁት። በስለት ስቆርጠው ያየሁትን ልንገራችሁ።

1ኛው ክፍል ስለቱ ገና ሲነካው እንደ ካርታ ተበተነ። 8 ቅጠል። 2ኛው በ2 ቦታ ተሰንጥቆ ሦስት ወፍራም ቁራጭ ሆነ። 4ኛው ጠንካራ ነው፣ ግን መስመሮቹ ጠፍተው ጥቁሩ ነጩን አቆሽሾታል። 5ኛው ግራጫ ነው። ሌላ የምለው የለም። 3ኛው ግን! በ8ቱ ድርብ መካከል ካሉት 7 መገናኛዎች 6ቱ እንደ እስክሪብቶ መስመር ቀጥ ብለው ተይዘዋል። 4ኛውና 5ኛው ድርብ መካከል ብቻ ትንሽ ተከፈተብኝ። ያኔ ስልክ ተደውሎ ነበር፣ ትዝ ይለኛል።

ሙቀቱ በቴርሞሜትር 85 ነው። ራስ ምታት የለም። አንዱን የናይለን ብሩሽ ግን ቀለሙ ውስጥ አቀለጥኩት። የተፈጥሮ ጸጉር ይሁን ያላችሁኝ ማንም የለም።

ትኩስ ብሩሽ

እውነትሽን ነው፣ ረሳነው። የአሳማ ወይም የፍየል ጸጉር። ለየቀለሙ አንድ አንድ ብሩሽ ያዢ። አትጠቢያቸው፣ ሰሙ ላያቸው ላይ ይርጋ፣ በሚቀጥለው ቀን ሆት ፕሌቱ ላይ ይፈታሉ። የቀለጠ ሰም ደግሞ ሲንክ ውስጥ እንዳትደፊ።

4ኛና 5ኛው መካከል የተከፈተው ስልክ አንሥተሽ ስትመለሺ ጣውላው በርዶ ስለነበር ነው። ስትመለሺ መጀመሪያ ያለውን አሙቂ፣ ከዚያ ቀቢ። አንቺ ከብዙ ተማሪዎቼ ቀድመሻል።

ማለዳ

ከዚያ አንድ ሥዕልም ሠራሁ፣ በጋሼ ምክር የተሠራ ጣውላ ላይ። ግን ከ10 ቀን በኋላ ፊቱ ላይ ነጭ ጉም ነገር ወጣበት። ሻገተ እንዴ? ፎቶውን ለጥፌዋለሁ።

ቀፎ

አልሻገተም። ሰም ሲያርፍ ላዩ ላይ የሚወጣ ነው፣ የንብ ሰም ያደርገዋል። ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ይበረታል።

ትኩስ ብሩሽ

ለስላሳ፣ ጸጉር የማይጥል ጨርቅ ውሰጂ፣ ቀለል አድርገሽ እያዞርሽ ወልውዪው። የእጅሽ ሙቀት ይበቃዋል። ይጠፋና ያበራል። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል፣ እየጠነከረ ሲሄድ ይቀንሳል። ጠረጴዛሽ ሲያብረቀርቅ መወልወል አቁሚ 😄

ማለዳ

ወለወልኩት። ጠፋ! ኧረ ሥዕሉ ከሥሩ ሌላ ሥዕል ሆነ።

ጋሼ መላጊያ

ፎቶውን አየሁት። ጣውላው አልጎበጠም፣ ደስ ብሎኛል። ግን ልጄ፣ ገልብጠሽ ነው እንዴ የለጠፍሽው?

ማለዳ

አይ ጋሼ፣ እንዲሁ ነው።

ጋሼ መላጊያ

እሺ።